በጉን ማን በላው? የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ወር ስለ በግ ማድለብ ጽፌ ስለ መኖ ዋጋ ትጠይቁኛላችሁ ብዬ ስጠብቅ የመጣልኝ ሌላ ነው። ከግማሽ በላይ መልእክታችሁ ስለ አውሬ ነው። ጅብ፣ ነብር፣ ቀበሮ፣ አንዱማ የሞተች ጥጃ ፎቶ ልኮ ከስሩ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው ያስቀመጠው፣ ሌላ አንድ ቃል የለም። ገባኝ ወንድሜ። ስለዚህ የዚህ ወር ዓምድ ለአውሬው ሆኗል፣ መኖው ይቆየን።

አንድ ነገር ደግሞ፣ "ዶክተር" እያላችሁ የምትጽፉልኝ ዶክተር አይደለሁም። የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ በበቅሎም በሞተርም ገጠር ለገጠር ስዞር ዘመኔን የፈጀሁ ሰው ነኝ። ጋሼ በሉኝ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ልጅ የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ቤታችን ከጓሳ ሜዳ አጠገብ ነው፣ እኔ አሁን ደብረ ብርሃን ነው የምማረው እናቴ ግን እዛው ናት። በሁለት ወር ውስጥ አራት በግ ጠፋባት፣ ሁለቱ ግልገሎች ነበሩ። ጎረቤቱ ሁሉ ቀይ ቀበሮ ነው ይላል። አጎቴ መርዝ ገዝቶ የሞተ በግ ላይ አድርጎ ሜዳ ላይ ሊጥለው ነው። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ቀይ ቀበሮ ከኛ አገር ውጪ የትም የማይገኝ ብርቅ እንስሳ ነው ተብለን ነው የተማርነው፣ ይሄን ለእናቴ ስነግራት "ብርቅ ከሆነ ብርቅ ነገር ይብላ፣ የኔን በግ ምን አገባው" አለችኝ። ቀበሌም ሄዳ አመልክታ ነበር፣ ይታያል ብለው መለሷት። ምን ልበላት?

መልስ፦ እናትህን ሳላውቃት ወደድኳት። ያለችው ነገር ላይ እመለሳለሁ፣ መጀመሪያ ግን አጎትህ ጋ ደውልና መርዙን አስቁመው፣ ይሄን አንብበህ ሳትጨርስ ደውል። ቀይ ቀበሮ መግደል በሕግ የተከለከለ መሆኑን ተወው፣ እሱን ያውቃል፣ የማያስበው መርዝ የተነካ ሥጋ ሜዳ ላይ ሲጣል ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ነው። እኔ ያየሁትን ልንገርህ፣ መጀመሪያ የሚደርሰው የራሱ የባለቤቱ ውሻ ነው፣ ቀጥሎ የጎረቤት ውሻ፣ ከዚያ ጥንብ አንሳው ከሰማይ ይወርዳል። አንድ ቀን ጠዋት አንድ መንደር ደርሼ ስድስት ውሻ ተዘርሮ አገኘሁ፣ ሰዉ እርስ በርሱ እየተወነጃጀለ ነበር፣ ጅቡ ግን በሦስተኛው ቀን ማታ እንደልማዱ ሲጮህ ተሰማ። ከዚያ በኋላ መንደሩ ለብዙ ጊዜ ውሻ አልነበረውም፣ ውሻ በሌለበት ደግሞ ጅብ እንዴት እንደሚገባ አስበው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ በጉን ማን በላው የሚለው። ስሙ ላይ ራሱ ግራ መጋባት አለ። ቀበሮ ሲባል አንዱ ሰው ቀይ ቀበሮን ያስባል፣ ሌላው ያንን ግራጫማ ቢጫ የሆነውን በየአገሩ ያለውን ቀበሮ ነው የሚለው፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ያንኑ ተኩላ ይሉታል (ሳይንቲስቶቹም ራሳቸው ተምታቶባቸው ነበር፣ እኤአ በ2015 ነው ዘሩን አጥንተው ያ የአፍሪካው ግራጫ ቀበሮ በእርግጥም ከተኩላ የሚቀርብ እንጂ ከኤስያው ቀበሮ ጋር አንድ አይደለም ያሉት፣ ስለዚህ ተኩላ የሚሉት ገበሬዎች አልተሳሳቱም ነበር ማለት ነው፣ ደስ ይለኛል እንዲህ ሲሆን)። ቀይ ቀበሮ እግሩ ረጅም፣ አፉ ቀጭን፣ ቀለሙ እንደ ሸክላ የቀላ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ ጅራቱ ወደ ጫፉ ጥቁር ጎፍላ ነው፣ አንዴ ያየው ሰው አይስተውም። ግን በጭጋግ፣ በጎህ፣ ከሩቅ ሲሮጥ ያየ ሰው ሁሉ "ቀይ ነው" ይላል፣ ጓሳ ላይ ጭጋግ ምን እንደሚመስል ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

የቀይ ቀበሮ ኑሮው አይጥና ፍልፈል ነው። ባሌ ላይ የተጠናው እንደሚያሳየው ከሚበላው ከመቶ 95 በላይ እሱ ነው። ክብደቱ ቢበዛ 20 ኪሎ ነው፣ ስለዚህ የደረሰ የመንዝ ሙክት ጥሎ ይበላል ብለህ አትጨነቅ። እናንተው ጓሳ ላይ ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር ታይቷል፣ ቀይ ቀበሮው ጭላዳ መንጋ መሃል ገብቶ ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካለታል፣ ከመቶ 67 ነው፣ ብቻውን ሲሆን ግን ከመቶ 25 ብቻ። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም እሱም ግልገላቸውን አይነካም፣ ሁለቱም ገብቷቸዋል። ጭላዳው ሣር ሲነቅል አይጦቹ ሳይረበሹ አይቀርም፣ ያን ጊዜ ያገኛል። ግልገል በግ ጭራሽ አይነካም ልልህ ግን አልችልም፣ ዋሽቼ ነው የሚሆነው፣ ከእናቷ የራቀች ግልገል ካገኘ ይወስዳል። የጓሳ አካባቢ እረኞች ራሳቸው ሲጠየቁ ግን ብዙውን በግ የሚወስደው ያኛው ግራጫው ነው የሚሉት። የደረሱት ሁለት በጎች ማታ ከጠፉ ደግሞ ጅብንም አትርሳ።

ታዲያ እንዴት ይለያል? ሬሳው ከተገኘ አትቅበሩት፣ አትጣሉትም፣ አንገቱን ግፈፉት። ቆዳውን ከጉሮሮ እስከ ትከሻ ገልብጣችሁ ከስር እዩ። አውሬ በሕይወት ያለን በግ ነክሶ ከሆነ የጥርሱ ቀዳዳ ዙሪያ ደም ረግቶ ጥቁር ወይን ጠጅ መስሎ ይታያል፣ ሞቶ ካገኘው ግን ቀዳዳው አለ ደሙ ግን የለም፣ ንጹህ ነው። ይሄን እኔን ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ ቆዳ ነጋዴ ናቸው፣ ትምህርት ቤት አይደለም። ግራጫው ቀበሮ ጉሮሮና የኋላ እግር ላይ ነው ብዙ ጊዜ የሚነክሰው፣ ጥርሱም ጠባብ ነው፣ በሁለቱ ቀዳዳ መሃል ሁለት ጣት ያህል ነው። ነብር ከሆነ ጉሮሮውን አንዴ ነው የሚይዘው፣ ሰፊ ነው፣ ጥፍሩም ትከሻ ላይ ቧጭሮ ይገኛል፣ ሬሳውንም ጎትቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ይወስደዋል ወይ ዛፍ ላይ ይሰቅለዋል። ጅብ ከሆነ... ጅብ ከሆነ ምን ትገፍፋለህ፣ አጥንቱንም ጨርሶታል፣ የምታገኘው ፈርስና ጥቂት ፀጉር ነው፣ ኩሱም ከአጥንት ብዛት ነጭ ኖራ ይመስላል።

አንድ ጊዜ ነብር ሦስት በግ ገደለብኝ ያለ ሰውዬ ቤት ጠሩኝ። ጎረቤቱ ጦር ይዞ ወጥቷል፣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን አስገብተዋል። ገፈፍኩት፣ አንገቱ ላይ ምንም የለም። ሆዱን ቀደድኩት፣ ጉበቱን ስቆርጠው ያ ጠፍጣፋ የጉበት ትል እንደ ቅጠል እየታጠፈ ወጣ፣ በግራ እጄ ይዤ ለሰውዬው አሳየሁት። በጎቹ ከረግረግ ዳር ሲግጡ ከርመው ነው የሞቱት፣ አውሬው ኋላ መጥቶ የሞተውን ነው የበላው። ሰውዬው ትሉን አየና "እና ነብሩ የለም?" አለኝ፣ ቅር ያለው መሰለኝ። ከነብር ጋር መዋጋት ይቀላል መሰለኝ፣ መድኃኒት በዓመት ሁለቴ ከመስጠት።

ስለዚህ ለእናትህ የምትላት የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው፦ ቀጣይ ከሞተ ገፈው ይዩት። ሁለተኛው ጉሮኖው ነው። በሩ ስር እጅ የሚያስገባ ክፍተት ካለ ቀበሮ ይገባል፣ ድንጋይ ካቡበት። ግልገሎች እስኪጠኑ ሜዳ ባይወጡ ጥሩ ነው፣ ከወጡም ሰው አብሯቸው ይሁን። እረኛ የለም ትለኛለህ፣ አውቃለሁ፣ እረኛው አንተ ነበርክ፣ አሁን ደብረ ብርሃን ነህ። ይሄ በየገጠሩ የተፈጠረ ለውጥ ነው፣ ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ፣ እሰየው፣ በጉ ግን ብቻውን ቀረ፣ አውሬውም ይሄን ካወቀ ቆየ። አንዳንድ መንደር አምስት ስድስት ቤት ሆነው በጋቸውን ቀላቅለው በተራ ያግዳሉ፣ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚደርሳቸው። እናትህ ጎረቤት ካላት ይሄን ታንሳ።

ሦስተኛው ውሻው ነው። ውሻ ካላችሁ ይከተብ፣ ማታም ይታሰር። የእብድ ውሻ በሽታ ለሰው ብቻ አይደለም፣ እኤአ በ2003 ባሌ ላይ ከእረኞች ውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ተሻግሮ ዌብ ሸለቆ ላይ ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱ እጅ ገደማ አለቁ። ከ500 የማይበልጥ እንስሳ እኮ ነው በጠቅላላው በዓለም ላይ የቀረው፣ ከግማሽ በላዩም ባሌ ነው። ከዚያ በኋላ ነው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ሰዎች የሚከትቡትን ውሻ ያበዙት፣ እኤአ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ለራሳቸው ለቀበሮዎቹ በሥጋ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል። በነገራችን ላይ ባሌ ላይ ኦሮሞዎቹ ቀይ ቀበሮን ጀዳላ ፋርዳ ነው የሚሉት፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት፣ ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ተከትሎ እንግዴ ልጁን ይበላል ተብሎ ነው። እናትህ ይሄን ብትሰማ ትስቃለች።

አሁን ወደ እናትህ ነገር። "የኔን በግ ምን አገባው" ላለችው መልስ የለኝም፣ እውነቷን ነው። አገሪቱ እንስሳው እንዳይነካ ሕግ አውጥታለች፣ አዋጅ 541/1999 አለ፣ አውሬ ለበላው ከብት ግን መደበኛ ካሳ የሚባል ነገር የለም። ማለት ቀይ ቀበሮውን የምትቀልበው እናትህ ናት፣ ቴምብር ላይ የምናየው እኛ ነን። ይሄ ፍትሃዊ አይደለም፣ አስር ዓመትም ሃያ ዓመትም ስንለው ቆይተናል። ያም ሆኖ ጓሳ ከሌላው ቦታ የሚሻልበት ነገር አለ። አያቶችህ ቄሮ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው (ስሙ ሌላ ነገር እንዳያስታውስህ፣ የመንዙን ነው የምልህ)፣ 400 ዓመት ገደማ ሜዳውን ዘግተው ጓሳው (ሣሩ) አድጎ ሲደርስ ነው የሚከፍቱት፣ ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም ተዘግቶ ይቆያል፣ የሚከፈትበትን ቀን የሚወስኑት አባ ቄራው ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 በታወጀው የመሬት አዋጅ ያ ፈረሰ፣ ሜዳውም ለሁሉ ተከፈተ፣ ተጎዳም። በኋላ ሕዝቡ ራሱ መልሶ በማኅበረሰብ ጥበቃ ስም አቋቋመው፣ አሁን ኮሚቴ አለ፣ ጠባቂ አለ፣ ሎጅም አለ። ስለዚህ እናትህ ቀበሌ ብቻ አታመልክት፣ የጓሳው ኮሚቴ ጋ ትሂድ። ቱሪስቱ ቀበሮውን ለማየት ነው የሚመጣው፣ ከሎጁ የሚገባው ገንዘብ ላይ ግልገል ላጣ ሰው የሚሆን ነገር ለምን አይኖርም ብላ ስብሰባ ላይ ትጠይቅ። እንደዛ የምትናገር ሴት ስብሰባ ላይ ስትነሳ ማየት እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እኔ ከከተማ ዳር ነው የምኖረው፣ ውሃ በአህያ እየጫንኩ ነው የምሸጠው። ሁለት አህያ ነበረኝ፣ አንዷን ዓብይ ጾም መሃል ጅብ በላብኝ። አምና የጎረቤቴንም በዚያው በጾሙ ነው። ሰው እየቀለደ "አያ ጅቦ አይጾምም" ይለኛል። እውነት ጅብ በጾም ይብስበታል ወይስ አጋጣሚ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አጋጣሚ አይደለም፣ ተጠንቷልም። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ጓደኞቹ እኤአ በ2012 ያሳተሙት ጥናት አለ፣ ትግራይ ውስጥ የጅብ ኩስ ሰብስበው ውስጡ ያለውን ፀጉር እየለዩ ምን በላ ብለው ነው ያዩት። ከጾሙ በፊት የአህያ ፀጉር ከመቶ 15 ገደማ ነበር፣ በጾሙ ውስጥ ወደ 33 ወጣ፣ ጾሙ ሲፈታ ወደ 22 ወረደ። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ 55 ቀን ሰው ሥጋ አይበላም፣ ልኳንዳው ዘግቷል፣ በየጓሮው በግ አይታረድም፣ ያ ሁሉ አንጀትና አጥንት የሚጣልበት ቦታ ባዶ ይሆናል፣ ጅቡ ደግሞ ያን ሁሉ ሌሊት እየመጣ ባዶ ሲያገኝ ወደ አህያ ይዞራል። የጾመው እሱ ነው ማለት ነው፣ የሚያፈርሰው ግን ባንቺ አህያ ነው።

ልጅ ሆኜ እኛም ቤት አንድ አህያ ተበልታለች። ጠዋት አባቴ ጋር ስንሄድ ያገኘነው አራት ኮቴና የተበጠሰ ገመድ ነው፣ ገመዱን አባቴ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው፣ ምንም አልተናገረም። አታስሪያት ብሎ የሚመክር ሰው አለ፣ ትሩጥ ብሎ፣ አትስሚው፣ አህያ ከጅብ አታመልጥም። ከጾሙ መያዣ ጀምሮ እስከ ፋሲካ ማታ ማታ አህያዋ ቤት ውስጥ ትደር፣ በር በሚዘጋ ነገር፣ ቆርቆሮ ከሆነ ከስሩ ድንጋይ ይደረግበት ምክንያቱም ጅብ ቆርቆሮ ስር ቆፍሮ ነው የሚገባው። ቤት ከሌለሽ ከጎረቤት ጋር ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንድ ጠንካራ ጋጣ ስሩ፣ ከአንድ አህያ ዋጋ አይበልጥም።

መብራት ይረዳል ወይ ለምትሉ ደግሞ፣ ኬንያ ውስጥ ሪቻርድ ቱሬሬ የሚባል የማሳይ ልጅ ናይሮቢ ፓርክ አጠገብ የአባቱን ከብት አንበሳ ሲፈጅበት በ11 ዓመቱ አሮጌ ባትሪና አምፖል ይዞ በበረቱ ዙሪያ ተራ በተራ ብልጭ ብልጭ የሚል መብራት ሠራ፣ አንበሳው ሰው ባትሪ ይዞ የሚዞር እየመሰለው ቀረ። አሁን በሶላር የሚሠራ ይሸጣል። ጅብ ግን ብልጥ ነው፣ መብራት ያለማቋረጥ አንድ ቦታ ከበራ ይለምደዋል፣ ስለዚህ መብራት ላይ ብቻ አትመኪ። የከተማ ጅብ መኪናውንም አይፈራም እኮ፣ ሐረር ላይ በሰው እጅ ነው የሚበላው። ሐረሮች የሚያደርጉት ደስ ይላል፣ አጥር ላይ ሳይቀር መግቢያ ቀዳዳ አላቸው ለጅቡ፣ ግን ያ የሐረር ነው፣ ዘመናት የፈጀ መግባባት ነው፣ ቪዲዮ አይታችሁ ጓሯችሁ ጅብ መመገብ እንዳትጀምሩ። ሁለት ሰው ጠይቆኛል እንደዚህ ብሎ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላምታዬ ከስዊዘርላንድ ነው። እዚህ ከሦስት ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ አረጋውያን ቤት ነው የምሠራው። የሥራ ባልደረባዬ አባት ተራራ ላይ በግ ያረባሉ፣ ተኩላ መጣ ብለው ሰፈሩ ሁሉ ተቆጥቷል፣ ምርጫ ሁሉ አድርገውበት ነበር አሉኝ። እኔ እንደምታውቀው የገጠር ልጅ ነኝ፣ ለአንድ ተኩላ ይሄ ሁሉ ግርግር አልገባኝም። ደግሞ ባለፈው ተራራ ስወጣ ትልቅ ነጭ ውሻ መንገድ ዘጋብኝ፣ እንደ ለመድኩት ድንጋይ ላነሳ ጎንበስ ስል ሊበላኝ ደረሰ።

መልስ፦ ሳቄን አልቻልኩም፣ ይቅርታ። እዛ ያለው ውሻ እኛ ጋ ያለው አይደለም ወንድሜ፣ ከግልገልነቱ በጎች መሃል ነው ያደገው፣ ራሱን በግ ነኝ ብሎ ነው የሚያስበው፣ ጎንበስ ያለ ሰው በጉን ሊነካበት ነው የሚመስለው። ድንጋይ አታንሳ፣ ዱላም አታወዛውዝ፣ ቆም በል፣ ረጋ ብለህ በሩቅ ዞረህ እለፍ። እጅህን መያዝ ይከብዳል አውቃለሁ፣ የለመደ እጅ ነው።

ግርግሩን በተመለከተ፣ እነሱ ተኩላቸውን በ19ኛው መቶ ዘመን ጨርሰውት ነበር፣ ከዚያ መቶ ዓመት በላይ በጋቸውን ያለ እረኛ ተራራ ላይ ለቀው ወይን ሲጠጡ ኖሩ፣ አያት ያውቀው የነበረውን አባትና ልጅ ረሱት። እኤአ በ1995 ከጣሊያን በኩል ተሻግሮ ተመለሰ፣ በ2012 ካላንዳ የሚባል ተራራ ላይ የመጀመሪያው መንጋ ወለደ፣ ዛሬ 300 ገደማ ደርሷል። የሰማኸው ምርጫ እኤአ መስከረም 2020 የተደረገው ነው፣ ተኩላ መግደልን የሚያቀል ሕግ ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ 51.9 ከመቶው አይሆንም አለ፣ ከተሜው በብዛት አይሆንም ሲል የተራራው ሰው ይሁን ብሎ ነበር፣ ቅሬታው ከዚያ ነው። በኋላ ፓርላማው ሕጉን ቀየረው፣ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ጉዳት ሳይደርስ ቀድሞ መግደል ይፈቀዳል። የባልደረባህ አባት ግን ከመንዟ እናት የሚለዩት አንድ ትልቅ ነገር አለ፣ ተኩላ በግ ከበላባቸው ባለሙያ መጥቶ ሬሳውን ያያል፣ ተኩላ መሆኑ ከተረጋገጠ 80 ከመቶውን የፌዴራል መንግሥት 20ውን ካንቶኑ (እንደ ክልል ነው) ይከፍላል። አጥርና ውሻ ለመግዛትም ይደጎማሉ። ያም ሆኖ ተቆጥተዋል፣ እኔም አልፈርድባቸውም፣ ያሳደግከው በግ ጉሮሮው ተቀዶ ስታገኘው ገንዘቡ ያን ጠዋት አይመልሰውም። ሰውዬውን አንድ ቀን ቡና ጋብዛቸውና ልጅ ሆነህ እንዴት እንደምታግድ ንገራቸው፣ እዛ አገር ያንን የሚያውቅ ሰው ተወዷል።

ጥያቄ፦ ከወሎ ነው። ከቤታችን በላይ ያለው ተራራ ተከልሎ ደን ሆነ፣ አሁን ነብር ገባበት። ሁለት ውሻና አንዲት ፍየል በላ። ደኑ ይመንጠር የሚሉ አሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ደኑን አትንኩ። ያ ተራራ ሳይከለል ጎርፍ ይመጣባችሁ እንደነበር ሽማግሌ ጠይቁ፣ አጭዳችሁ የምትወስዱት ሣርም ከዚያ ነው። ነብሩ ቢሄድ ደኑ እስካለ ሌላ ይመጣል፣ ደኑ ከሌለ ደግሞ ነብሩም ሣሩም ምንጩም የለም። ከመንጠር ካልቀረ ከቤታችሁ ዙሪያ ያለውን ቁጥቋጦ ምንጠሩ፣ ነብር ሳይታይ ተጎንብሶ የሚደርስበት መሸሸጊያ እንዳይኖረው፣ ቤቱ ዙሪያ ሃምሳ እርምጃ ያህል ገላጣ ይሁን። ልጆች ማምሻና ጎህ ላይ ብቻቸውን ውሃ አይውረዱ። በጦር ወይ በጥይት የቆሰለ ነብርን ደግሞ ማንም ተከትሎ ቁጥቋጦ እንዳይገባ፣ የቆሰለ ነብር አደገኛ ነው፣ ለአካባቢያችሁ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያ ንገሩ።

የፍየሉ ቤት ጣራ ከሌለው ዛሬ ጀምሩ። እሾህ አጥር ጅብ ያቆማል፣ ነብር ግን ከላይ ነው የሚገባው፣ ዘልሎ ይገባና ፍየሏን በአፉ ይዞ ዘልሎ ይወጣል። ወፍራም እንጨት ረብርቡበት፣ ላዩን እሾህ። ውሻችሁንም ማታ አስገቡት፣ ይጠብቀኛል ብላችሁ ደጅ ታስሮ የሚያድር ውሻ ለነብር እራት ነው፣ ሁለቱን እንዴት እንደወሰዳቸው አይታችኋል እኮ።